ቆርቆሮ ይጠብቃል

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ ዕቅድ ማውጣት አስተማረኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ማለት ነው። አሠልጣኙ ጫማው ሹል፣ ሱሪው ጠባብ፣ በራሱ ላይ ያለው እምነት ግን ሰፊ የሆነ ጎልማሳ ነበር። ሦስት ዓይነት የሥራ ማቀጃ ዘዴ አወዳደረልን። አንደኛው ሥራውን ሁሉ በመስመር ደርድሮ ሳምንት በሳምንት በቀለም የሚሞሉበት ባር ቻርት ነው። ሁለተኛው የትኛው ሥራ ከየትኛው በፊት ማለቅ እንዳለበት በቀስት እያያያዙ ረጅሙን ሰንሰለት የሚፈልጉበት ነው፤ «ክሪቲካል ፓዝ» ሲል ቃሉን አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ያገላብጠው ነበር። ሦስተኛው ባለ ቀለም ወረቀት ሰሌዳ ላይ ለጥፎ «ሊሠራ»፣ «በመሠራት ላይ»፣ «ያለቀ» እያሉ ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። ከዚያ «የትኛው ይሻላል? በቡድን ተወያዩ» አለን። ተወያየን። የቡድናችን መልስ «እንደ ሁኔታው» የሚል ሆነ። ተጨበጨበልን፤ ምሳ በላን።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ሙቀቱ አስመርሮት መስኮት ከፈተ፤ የቦካ ጭቃ ሽታ ገባ። ሆቴሉ ለቱሪስት ብሎ ጓሮው ውስጥ «ባህላዊ ቤት» እያሠራ ነው። ጭቃና ጭድ አንድ ላይ ውሃ ጠጥተው ጥቂት ቀን ሲሰነብቱ የሚያወጡት ሽታ አለ፤ ለማያውቀው ሰው ከቤቱ ሥር አንዳች ነገር ሞቶ የተረሳ ይመስለዋል። ሠልጣኞቹ አፍንጫቸውን ያዙ። አንዷ ሽቶ ረጨች። እኔ ግን በሐሳብ ተነሥቼ ጎጃም፣ ቢቸና ገባሁ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ንጉሠ ነገሥቱ በየቢሮው ግድግዳ ከነኒሻናቸው ተሰቅለው ቁልቁል የሚያዩን ዘመን ነው፤ ይበቃል። ዶሮ በስሙኒ፣ አንድ ብርሌ ጠጅ በአሥር ሳንቲም ነበር። የዕድሜ እኩዮቼ ይህን ሲያነሡ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ የእኔ ደመወዝም እንደ ዶሮዋ ርካሽ እንደነበር የሚያነሣ ግን የለም። ቴትረን ሸሚዝ የሚባል ነገር ገና መምጣቱ ነበር፤ አይጨማደድም፣ አየርም አያስገባም፤ የለበሰው ሰው ከአስተዳደር ግቢው እስከ ዓረቡ ሱቅ እስኪደርስ ጀርባው እንደ ዶቃ በላብ ያንጸባርቃል፤ ቢሆንም አያወልቀውም። ድሃው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፤ ዝናብ ሲገባበት እየጮኸ ይሄዳል። ከዓረቡ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ጠጅ ቤት ራዲዮ ነበረው፤ ሴትዮዋ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሳንቲም የሌለን ደጅ ቆመን ዘፈን በነፃ እንሰማለን። ዛሬ ያ ማዕዘን ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ሳጥን ቆሟል አሉ። አላዘንሁም። ጠጁም ቢሆን ውሃ ይበዛበት ነበር።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የአንድ የትምህርት ቤት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ሥራው ቀላል ነው፦ ስድስት ስድስት ክፍል ያላቸው ሁለት የጭቃ ቤቶች፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ አንዱ ቢቸና፣ አንዱ ሞጣ። ሁለቱም ከመስቀል በኋላ በአንድ ሳምንት ተጀመሩ። ሁለቱም ዝናብ ሳይገባ ማለቅ አለባቸው፤ ዝናብ ከገባ መንገዱ ለመኪና አይሆንም፤ ደጀን ላይ ዓባይን የተሻገረ ጭነት ቢቸና ሳይደርስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ይከርማል። ቢቸናን በቀጥታ የሚመራው፣ የሁለቱም የበላይ የሆነው መሐንዲስ ፍሬው ይባላል፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። ሞጣን የያዙት አቶ ውበቱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ ውበቱ እንላቸዋለን። በልጅነታቸው ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይተው ወጥተዋል፤ ከዚያ ዕድሜያቸውን ሁሉ በመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው፣ በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ «ኃላፊ» ተብለዋል። ስድስት ልጆች አሏቸው። ያ ሹመት ቢነጠቅ የሚጠብቃቸው መዶሻው ነው።

ፍሬው ከሻንጣው ውስጥ ያወጣው የመጀመሪያ ነገር ቻርት ነው። የጽሕፈት ቤቱን አንድ ግድግዳ ሙሉ ሸፈነ። ከፈረንጅ መጽሐፍ የተገለበጠ ነበር፤ መጽሐፉ ስለ ጡብ ቤት የተጻፈ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሥራዎቹ በተርታ ተጽፈዋል፦ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን። ከላይ አሥራ ሁለት ወር፤ ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ፣ ጁንን «ሰኔ» ብሎ ስማቸውን ብቻ ቀይሮ አስጻፈኝ።

«ጳጉሜንን የት ላግባት?» አልሁት።

«ተዋት» አለኝ። «ሥራ አይሠራባትም።»

አምስት ቀን ከዓመቱ ላይ እንዲህ በቀላሉ የሰረዘ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ከቻርቱ ጋር ደንብ መጣ። በየሰኞው ፍሬው ሲያዝዝ እኔ የሳምንቱን ሣጥን በሰማያዊ እርሳስ እቀባለሁ። ሣጥኑ ሰማያዊ ያልሆነ ሥራ ከመጋዘን አንዲት ምስማር አይወጣለትም። መጋዘን ጠባቂው ባሻ ደምሴ የተባሉ የቀድሞ ወታደር ነበሩ፤ ማንበብ አይችሉም፤ ሰማያዊ ግን ያውቃሉ። ዕቃ የሚጠይቅ ሲመጣ ቢሮ ገብተው፣ ቻርቱ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው፣ በጣታቸው መስመሩን ተከትለው፣ ሰማያዊ ካገኙ ይከፍታሉ፣ ካላገኙ ይመለሳሉ። ፍሬው በዚህ ይኮራ ነበር። «ሥርዓት ማለት ይኼ ነው፤ ሰው አያስፈልገውም» ይላል።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። የጭቃ ቤት የሚሠራ የጎጃም ሰው መጀመሪያ ቋሚውን ያቆማል፣ ማገሩን ይመታል፣ ከዚያ ጣሪያውን ያለብሳል፣ ጭቃውን የሚመርገው በመጨረሻ ከጣሪያ ሥር ሆኖ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ መወለድ ይበቃል። የፍሬው ቻርት ግን ግድግዳውን ከጣሪያው በፊት አስቀምጧል። የቢቸናው አናጢ አለቃ ቆቡን አውልቆ ቢሮ መጣ።

«ጌታው፣ ጭቃው ጣሪያ ይፈልጋል።»

«ቻርቱን ተመልከት። ምን ይላል?»

«ቻርቱማ ዝናብ አይመታው፣ ግድግዳ ላይ ነው ያለ።»

ፍሬው አልሳቀም። አናጢውም ከዚያ ቀን በኋላ አልተናገረም፤ የታዘዘውን መረገ። ያ ዝምታ ትሕትና አልነበረም። አገሬው ሹም ሲሳሳት ቆሞ ማየት የሚወድደውን ያህል የሚወድደው ነገር የለም።

መጋቢት ላይ ፍሬው ጠራኝና አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ። ሞጣ ሄጄ ከጋሼ ውበቱ ፕሮግራም ተቀብዬ እንድልክ፣ እዚያው ሆኜም በየሳምንቱ እንድጽፍለት ነው። ፕሮግራሙ በወሩ ውስጥ ካልመጣ ሰውዬው ይሰናበታል። በጭነት መኪና ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። ጋሼ ውበቱን ያገኘኋቸው በአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነው። ደብዳቤውን ቀስ ብለው አነበቡት፣ አጠፉት።

«ፕሮግራም የሚሉት ወረቀት ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጭቃ ይረግጣል?»

«አይረግጥም።»

«እንግዲያ ነገ ጧት ና፣ ጭቃ የሚረግጠውን አሳይሃለሁ።»

በማግስቱ ጧት ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ወረቀት የለ፣ ሰሌዳ የለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞሩ ይጠይቃሉ።

«ሰይድ፣ አንተ ማንን ትጠብቃለህ?»

ሰይድ የአናጢዎቹ አለቃ ነው፤ ከሞጣ ነጋዴ ቤተሰብ፣ ሳቂታ። «ምስማር እጠብቃለሁ ጋሼ።»

«ምስማሩስ ማንን ይጠብቃል?»

«ሹፌሩን።»

«ሹፌሩስ?»

«እሱማ የሚጠብቀው ጠጅ ቤቷ እስክትከፈት ነው።»

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አንድ ሰው ሹፌሩን ሊያመጣ ተልኮ ነበር። እንዲህ እየጠየቁ ከጣሪያው ተነሥተው እስከ ምስማሩ ይወርዳሉ፤ ማንም ማንንም የማይጠብቅበት ቦታ ሲደርሱ የዚያ ቀን ሥራ እርሱ ይሆናል። አሠልጣኛችን በቀስትና በክብ ሦስት ሰዓት የፈጀበትን ነገር ጋሼ ውበቱ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እያሹ ይጨርሱታል። በዓላቱም እንዲሁ ናቸው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ክርስቲያኑ እጁን አይሰድድም፤ የእንጨቱ ሥራ ለነሰይድ ተይዞ የሚቆየው ለዚያ ቀን ነው። ዓርብ ቀትር ነሰይድ ለጁምዓ ሲሄዱ የነገውን ጭቃ የሚያዘጋጁት ክርስቲያኖቹ ናቸው። «ሁላችንም የምናርፈው ማርያምና ጁምዓ አንድ ቀን ሲውሉ ነው፤ ያን ለት እግዜርም አላህም ተስማምተዋል» ይላል ሰይድ። የፍሬው ቻርት የሚያውቀው እሑድን ብቻ ነበር።

ይህን ስጽፍ «አገር በቀል ዕውቀት» ብሎ የሚያጨበጭብ አንባቢ ካለ እጁን ይሰብስብ። የጋሼ ውበቱ ዘዴ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፦ ሙሉው ራሳቸው ውስጥ ነበር። ሚያዝያ ላይ ወባ ይዟቸው ሦስት ቀን ተኙ። በሦስቱ ቀን አርባ ሰው አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዋለ። ጠያቂው ሲታመም ዕቅዱም አብሮት አልጋ ይይዛል። ቻርት ለሞኝ ጥሩ ነው፤ ጭንቅላት ለጤነኛ ጥሩ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ሹመቱን የምንሰጠው ለሞኙ ወይም ለታመመው ነው።

ቢሆንም ሰውዬው እንዲባረሩ አልፈለግሁም። የነገሩኝን ቅደም ተከተል በወረቀት ቻርት አድርጌ ላክሁ። ተመልሶ መጣ። «ጣሪያ ከግድግዳ ቀድሞ የት አገር ተሰምቶ ያውቃል? በቢቸናው አምሳል ይስተካከል» የሚል ተጽፎበታል። ለጋሼ ውበቱ አሳየኋቸው።

«በቢቸናው አምሳል ጻፍለት» አሉኝ።

«ቤቱስ ጋሼ?»

«ቤቱን እኔ በቤት አምሳል እሠራዋለሁ።»

ጻፍሁ፤ ጣሪያውን ሰኔ መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ፍሬው ረካ፤ የሞጣንም መስመር ግድግዳው ላይ ካለው ቻርት ጨመረው። ሹመታቸው ዳነ፤ እኔም ብልህ ነኝ ብዬ አሰብሁ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ የሞጣ ቤት ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ወራጁ ተዘርግቶ አለቀ። ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ቦክቷል። የሁለቱም ቤት ቆርቆሮ ዓባይን ተሻግሮ ቢቸና መጋዘን እንደገባ ሰማን። የሚቀረው የሞጣን ድርሻ ማስላክ ነው። ያን ጊዜ አጭር መጻፍ ያምረኝ ነበር፤ ረጅም ደብዳቤ የሚጽፍ ያልተማረ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «የሞጣ ቤት የእንጨት ሥራ አልቋል። ቆርቆሮ ይጠብቃል።» ፈርሜ ለሹፌር ሰጠሁ።

ጠበቅን። ከቾቄ በኩል ደመናው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየወፈረ ይመጣል። ጋሼ ውበቱ ጧት ጧት መጠየቃቸውን አቆሙ፤ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ሆነ። በአሥረኛው ቀን መልሱ ማኅተም ተመትቶበት መጣ። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት፦ «ቆርቆሮው የሚጠብቅ መሆኑን በገለጻችሁልን መሠረት፣ በፕሮግራሙ የተያዘለት ጊዜ እስኪደርስ በመጋዘን እንዲቆይ የተወሰነ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ጋሼ ውበቱ እጃቸውን ዘርግተው የእኔን ደብዳቤ ግልባጭ ጠየቁኝ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ አራት ዓመት ቅኔ ቤት እየለመንሁ ኖሬ ያልተቆጠረልኝን ቅኔ አንተ በሁለት ቃል ዘረፍኸው! ቤቱ ቆርቆሮ ይጠብቃል ልትል ነው። መሐንዲሱ ግን ቆርቆሮው ራሱ መጠበቅ ይችላል፣ አይቸኩልም ብሎ ፈታው።»

«ይቅርታ ጋሼ...»

«ይቅርታህ ቤት አይከድንም። ሰይድ፣ የአጎትህ መኪና የት ነው?»

በማግስቱ እኔና እሳቸው በሰይድ አጎት ባዶ መኪና ቢቸና ገባን። ፍሬው የለም፤ ደብረ ማርቆስ ስብሰባ ሄዷል፣ የቻርቱን ግልባጭ ሊያሳይ። መጋዘኑ ደጃፍ ባሻ ደምሴ ቁልፉን በወገባቸው አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

«ባሻ፣ የሞጣን ቆርቆሮ ልንወስድ ነው» አሉ ጋሼ ውበቱ።

«እስቲ ልየው።» ቢሮ ገባን። ባሻ ቻርቱ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በጣታቸው የሞጣን ጣሪያ መስመር ተከተሉ። «ነጭ ነው» አሉ። «አይቻልም።»

«ዝናብ መጣ እኮ ባሻ!»

«ዝናቡን አላዘዝሁት። እኔ የታዘዝሁት ሰማያዊውን ነው።» ወጥተው በራቸው ላይ ተቀመጡ።

ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ጋሼ ውበቱ በመስኮቱ የቢቸናን ትምህርት ቤት ያዩ ነበር፤ ግድግዳው ተመርጎ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ሰማይ እያየ የቆመ። የፍሬው ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊው እርሳስ ተቀምጧል። አነሣሁት። ሣጥኑን እስከ ጠርዙ ሞላሁ፤ እጄ ስለለመደው ከመስመር አልወጣም። ከዚያ ወጥቼ «ባሻ፣ እንደገና ይዩልን» አልሁ። ገቡ፣ አዩ፣ ፊታቸው ፈካ።

«ታዲያ ቀድሞ እንዲህ አትሉኝም!» ብለው መጋዘኑን ከፈቱ።

ስንመለስ፣ ሞጣ ልንገባ ስንል ጋሼ ውበቱ «እጅህን ታጠብ፤ ሰማያዊ ሆኗል» አሉኝ።

በስድስት ቀን ቆርቆሮው ተመታ፤ ጭቃው ከሥሩ ተመረገ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሰኔ መግቢያ ላይ ሲወርድ ሠራተኛው ሁሉ ከአዲሱ ጣሪያ ሥር ተጠልሎ ነበር፤ ጩኸቱ ማንንም ከማንም አያሰማም፤ ሰይድ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ለጋሼ ውበቱ አንድ ነገር ሲጮኽ፣ እሳቸውም «ምን?» ሲሉ አያለሁ። በዚያው ዝናብ የቢቸናው ትምህርት ቤት ግድግዳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ጭቃው ከማገሩ ላይ እየለቀቀ፣ በመንገዱ ቁልቁል ፈስሶ፣ ዓረቡ ሱቅ ደጃፍ ድረስ ሄደ። ስድስት ክፍል እንጨት ብቻ ቀረ። የራሱ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በደረቁ ተቀምጧል፤ የቢቸና ጣሪያ ሣጥን ገና ነጭ ነበረና። አገሬው እየመጣ አየ። አናጢው አለቃም መጥቶ አየ፤ ቆቡን አላወለቀም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለማንኛውም የመሥሪያ ቤት ሰው አዲስ አይደለም። ቻርት ሊሳሳት ስለማይችል ቻርቱን የነካ ሰው ተፈለገ። ከበላይ የመጡ ሦስት ሰዎች የፍሬው ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ፤ ጋሼ ውበቱም ከሞጣ ተጠርተው መጡ። ፍሬው የሞጣ ቆርቆሮ ባይወሰድ ኖሮ ያንን ቢቸና ላይ አልብሶ ሕንፃውን ያድን እንደነበር በረጅሙ አስረዳ። የራሱ ቆርቆሮ ምን ሆኖ እንደቀረ የጠየቀው የለም። እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። ባሻ ደምሴ ተጠሩ። «ሰማያዊ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማን እንደቀባው አላዩም።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ሣጥኑን የቀባው ማን ነው?»

ቢሮው ውስጥ የነበርነው ሰባት ሰዎች ነን። ከመካከላችን እርሳሱን የያዘው አንድ ነው፤ እርሳሱም ያን ሰዓት እጄ ውስጥ ነበር፤ እየጻፍሁበት። ጋሼ ውበቱ ወደ እኔ ዞር አላሉም። ቢያዩኝ ኖሮ እናገር ነበር እላለሁ፤ ይህን ማለት ግን ዛሬ ቀላል ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ፍሬው ከወንበሩ ብድግ አለ። «አንተ? ቀለም መቀባት ማን አስተማረህ?»

«አይቼ ነው ጌታዬ። ከባድ አይደለም።»

ከሰዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም፤ «ያለ ሥልጣን የመንግሥት ሰነድ በመለወጥ» የሚለውን ሐረግ በቀስታ፣ ለእኔ እንዲመቸኝ እየቆራረጠ ተናገረ፤ ከሹመትም ከሥራም የተሰናበቱ መሆናቸውን ጨመረ። አፌን ከፈትሁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ጋሼ ውበቱም ያን ጊዜ ዞሩ።

«የመጨረሻውን ቃል አልሰማሁትም» አልሁ። «ይድገሙልኝ።»

ደገመልኝ። ጻፍሁት። ጋሼ ውበቱ ተጠርተው በቅኔ ቤት እጅ ጽሕፈታቸው ከሥሩ ፈረሙ፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለሰዎቹ አንድ በአንድ እጅ ነሥተው ወጡ። ያ ቃለ ጉባኤ በወቅቱ ለጽሕፈቱ ተመስግኖ ለሌሎች ጸሐፊዎች እንደ ምሳሌ ታይቷል። አንድም ስርዝ ድልዝ አልነበረበትም።